ጊዮርጊስ ከአራዳ ውጭ ስንት ያወጣል?

የፒያሳ ደላላ «ቁልፍ» የሚለውን ቃል ትርጉም ከማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ሱቁ የቀበሌ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ያረጀ ጣውላ ነው። ሆኖም አንዱ ተከራይ ለሌላው ሲለቅ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይጠየቅበት ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው ለጭቃው አይደለም። ለቦታው፣ እግሩ ለለመደው ደንበኛና ቤቱ ባለፉት ዓመታት ላፈራው ስም ነው። የሒሳብ ባለሙያዎች ይህንኑ «መልካም ስም» ብለው በሀብት መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል። ነጋዴው ግን ቁልፍ ይለዋል፤ ተግባብቶበታልም።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉት አሮጌ የፒያሳ ሰፈሮች ሲነሱ፣ ቁልፍ የሚባለው ሀብት አብሮ ተነሳ። ነዋሪውና ነጋዴው በከተማው ዳርቻ ወደሚገኙ ሰፈሮች ተበተነ። አንዱ ጎረቤት አንድ ጫፍ፣ ሌላው ሌላ ጫፍ ደረሰው። ዕድሩ ተከፈለ፤ ዕቁቡም ዳኛና ጸሐፊ በተለያየ አቅጣጫ ሲሄዱ ላላ። ሥራው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ብዙ ተብሎበታል፤ የዚህ ገጽ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከአራዳ ሀብቶች መካከል መሬት ላይ ያልተተከለ፣ ስለዚህም በግሬደር ሊነሳ የማይችል አንድ ሀብት ቀርቷል። እሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው የእግር ኳስ ክለብ ነው። ጥያቄው ይህ ሀብት ስንት ያወጣል፣ ባለቤቱስ ማነው የሚለው ነው።

ከገበያው ደጃፍ የተወለደ ክለብ

አራዳ መጀመሪያ ገበያ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማዋ ትልቁ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። እህሉ፣ ቅቤው፣ ጨርቁ፣ ከብቱ ሁሉ የሚሸጠው በዚያው ነው። የአርመን ወርቅ አንጥረኛ፣ የግሪክ ሸቀጥ ነጋዴ፣ የህንድ ጨርቅ ሻጭና የጉራጌ ነጋዴ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተው ኖረዋል። «አራዳ» የሚለው ቃል ዛሬ ብልጥ፣ ነቄ፣ የማይሸወድ ሰው ማለት ሊሆን የበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ገበያ የዋለ ሰው ያየው ነገር ይበዛል።

በኢትዮጵያ እግር ኳስ በመጀመሪያ የውጭ አገር ማኅበረሰቦች ጨዋታ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከአራዳ ልጆች ጋር ሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። የመሥራቾቹ ስም ብቻ አራዳ ምን ዓይነት ሰፈር እንደነበረ ይናገራል። ክለቡ የተሰየመው በሰፈሩ ታቦት ነው፤ ደጋፊው ዛሬም ቡድኑን «ፈረሰኞቹ» የሚለው በሥዕሉ ላይ በነጭ ፈረስ የሚታየውን ሰማዕት አስቦ ነው። በዚያን ጊዜ ክለቡ ሜዳ አልነበረውም፤ ሕንፃ አልነበረውም፤ ባለሀብትም አልነበረውም። የነበረው ስምና ልጆች ብቻ ነበር።

ነጋዴ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ዛሬ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ክለቦች አብዛኞቹ የተወለዱት ከመሥሪያ ቤት ነው። መቻል የጦሩ ነው፤ መብራት ኃይል የመብራት ኃይል ነው፤ ንግድ ባንክም መድንም ስማቸው ባለቤታቸውን ይናገራል። በኋላ ደግሞ የከተማና የክልል አስተዳደሮች ከበጀታቸው ቆርሰው የየራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ጊዮርጊስ ግን ከበጀት ሳይሆን ከሰፈር ነው የመጣው። ይህ ልዩነት የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው የሒሳብ ጉዳይም ነው።

ሁለት ጊዜ ስሙን የተቀማ

ክለቡ ከተመሠረተ ዓመት ሳይሞላው በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። የፋሺስቱ አስተዳደር ከተማዋን በዘር ከፋፈለ፤ ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ወሰደ፤ አራዳንም «ፒያሳ» አለው። ኳስ ጨዋታውም ከዚህ አላመለጠም። ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ» የሚል የፋሺስት ቃል ያለበት ስም ተለጠፈበት። ገበያውም ሰፈሩም ክለቡም በአንድ ዘመን ስማቸውና ቦታቸው ተቀየረ ማለት ነው።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ክለቡ ስሙን መልሶ ያዘ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ተቋቁሞ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች የከተማዋን መልክ ያሳዩ ነበር። የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና ጊዮርጊስ ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊው ተመልካች «የኛ» የሚለው ቡድን አንድ ብቻ ነበር፤ የጊዮርጊስ ደጋፊ ከአራዳ አልፎ የከተማ ደጋፊ መሆን የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1942 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአገር ሻምፒዮንነት አገኘ።

ሁለተኛው ቅሚያ በደርግ ዘመን መጣ። ሃይማኖታዊ ስም ያለው፣ ከሰፈር የበቀለ ማኅበር ለዘመኑ አስተሳሰብ አልተመቸም። ክለቡ ከተወረሰው የቢራ ፋብሪካ ጋር ተያይዞ «አዲስ አበባ ቢራ» ተብሎ ተጫወተ። በወረቀት ላይ ጊዮርጊስ የሚባል ክለብ አልነበረም። ደጋፊው ግን ወረቀቱን አላነበበም፤ ያውቀው የነበረውን ቡድን ማየቱን ቀጠለ። ሥርዓቱ ሲያበቃ ስሙ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ለአንድ የንግድ ሰው ትልቅ ቁም ነገር አለ። አንድ የንግድ ምልክት ሁለት ጊዜ በመንግሥት ኃይል ተፍቆ ሁለቱንም ጊዜ ደንበኛውን ሳያጣ ከተመለሰ፣ ምልክቱ የተጻፈው በመዝገብ ቤት አይደለም ማለት ነው። በደንበኛው ዘንድ ነው ያለው። በዚች አገር ይህን ፈተና ያለፈ የንግድ ስም ከጣት ቁጥር አይበልጥም።

ሰፈሩ ምን አገኘ?

የእግር ኳስ ክለብ ለሰፈር ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ነው። በመጀመሪያ ልጅ ያሳድጋል። ይድነቃቸው ተሰማ በልጅነቱ ለጊዮርጊስ መጫወት ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ማልያውን ለብሷል። ያው ሰው በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆኖ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያስገኘው ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች ከነበሩት አንዱ ነው፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርቶታል፤ የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ከዓለም ስፖርት እንዲገለል ከታገሉት ግንባር ቀደሙ ነበር። የዚያ ዋንጫ ባለድል የነበረው መንግሥቱ ወርቁም የጊዮርጊስ ሰው ነው። አንድ ሰፈር ከኳስ ሜዳ ተነስቶ የአህጉር ተቋም የሚመራ ሰው ማፍራቱ የትምህርት ቤት ያህል ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ያገናኛል። በአዲስ አበባ ስታዲየም የመቀመጫው ስም ራሱ የከተማውን ኑሮ ያሳያል። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ እያለ ተመልካቹ እንደ ኪሱ ይቀመጣል። ሆኖም አስመጪውም፣ ሊስትሮውም፣ የታክሲ ረዳቱም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁም ለአንድ ጎል በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። በሥራ ቀን በማይገናኙ ሰዎች መካከል የተፈጠረ ትውውቅ ሰኞ ዕለት ዱቤ ይሆናል፤ ሥራ መቀጠሪያ ይሆናል፤ ለታመመ ማሳከሚያ መዋጮ ይሆናል። የገበያ ትልቁ ወጪ የማያውቁትን ሰው ማመን ነው። ክለብ ይህን ወጪ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ በጨዋታ ቀን ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። በስታዲየሙ ዙሪያ ያሉት ቡና ቤቶች፣ ቆሎና ሱፍ ሻጮች፣ ማልያና ባንዲራ የሚያዞሩ ልጆች፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎች ጭምር የጊዮርጊስና የቡና ግጥሚያ የሚውልበትን ቀን ከበዓል ቀን ለይተው አያዩትም ነበር።

የሒሳቡ መዝገብ

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ፕሪምየር ሊግ የሚባለው ውድድር በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጊዮርጊስ 16 ጊዜ ዋንጫውን ወስዷል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ድልድል ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኗል። በውጤት በኩል የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን ውጤትና ሒሳብ ለየቅል ናቸው።

አንድ የኢትዮጵያ ክለብ ገቢ የሚያገኘው በአራት በር ነው። አንደኛው የመግቢያ ትኬት፣ ሁለተኛው ስፖንሰር፣ ሦስተኛው የቴሌቪዥን መብት፣ አራተኛው የባለቤት ወይም የደጋፊ ባለሀብት ኪስ ነው።

የመጀመሪያው በር ለጊዮርጊስ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶበታል። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ የቴሌቪዥን መብት ለሱፐርስፖርት ለአምስት ዓመት ሲሸጥ ውድድሩ በየከተማው እየተዘዋወረ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ አዲስ አበባ ስታዲየምም ለዕድሳት ተዘጋ። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። ለተመልካች በቴሌቪዥን ማየቱ መልካም ነበር። ለክለቡ ግን ደጋፊው በሚኖርበት ከተማ ሳይሆን አውቶቡስ ተከራይቶ በሚሄድበት ከተማ መጫወት ማለት ነው። ሱቁን ዘግቶ ደንበኛው በሌለበት ሰፈር ዕቃውን እየዞረ የሚያሳይ ነጋዴ ምን ያተርፋል?

ሁለተኛው በር ቢራው ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ከክለቡም በዕድሜ የሚበልጥ ድርጅት ነው። ፋብሪካው ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ከተዛወረ በኋላም የአንድ ስም ተጋሪነቱ ለሁለቱም ጠቅሟል። ነገር ግን የቢራ ገበያው እንደ ቀድሞው የአንድ ወይም የሁለት ፋብሪካ አይደለም፤ የቢራ ማስታወቂያም በሕግ ጠብቋል። በዚህ በር ብቻ መተማመን አያዋጣም።

ሦስተኛው የቴሌቪዥን ገቢ ለሁሉም ክለብ የሚከፋፈል ስለሆነ ማንንም ከማንም አይለይም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ክለቡን ያቆመው አራተኛው በር ነው። ሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ለክለቡ ያደረጉት ድጋፍ ማንም የማይክደው ነው። የዋንጫውን ዘመን ያለእሳቸው ገንዘብ ማሰብ ያስቸግራል። ይሁንና ሼኩ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ ታስረው እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. ድረስ ሲቆዩ፣ ደጋፊው ሁሉ አንድ ጥያቄ በልቡ ጠየቀ። «ነገ ደመወዝ ማን ይከፍላል?» ከ2009 ዓ.ም. ዋንጫ እስከ 2014ቱ ዋንጫ ድረስ ክለቡ ባዶ እጁን ቆይቷል። ሁለቱ ነገሮች መግጠማቸው አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ በሜዳ የሚሸነፍ ቡድን ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን አንድ ድርጅት የአንድ ሰው ዕጣ ፈንታ ሲነካ አብሮ የሚደነግጥ ከሆነ፣ ባንክ እንዲህ ያለውን ድርጅት «ሥጋቱ የበዛ» ይለዋል። ይህ ሼኩን መውቀስ አይደለም። የሰጠ ሰው አይወቀስም፤ የተቀበለው ነው ሌላ መተዳደሪያ ማዘጋጀት የነበረበት።

በተቋም ኪስ መኖርም ዋስትና አይደለም። የመጀመሪያው የፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን መብራት ኃይል በ2010 ዓ.ም. ከሊጉ ወርዷል። በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሳው ደደቢት በ2011 ዓ.ም. ወረደ። ዛሬ ማን ለደደቢት ያለቅሳል? ደመወዝ ከፋይ ነበረው፤ ሰፈር ግን አልነበረውም። በአንጻሩ ጊዮርጊስ ሰፈር ነበረው። አሁን ደግሞ ሰፈሩ ተበተነ። አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

የተበተነ ሰፈር፣ የሚሳሳ ደጋፊ

እስካሁን የጊዮርጊስ ደጋፊ የሚፈጠረው ያለምንም ወጪ ነበር። አባት ልጁን ይዞ ከአራዳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ወደ ስታዲየም ይወርዳል፤ ልጁ በመንገድ ላይ ደጋፊ ሆኖ ይደርሳል። ጎረምሳው በሰፈሩ ካፌ ክርክር ሲሰማ ይውላል። ይህ የማስታወቂያ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ልጁ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ያድጋል። በአጠገቡ ስታዲየም የለም፤ በቴሌቪዥን የሚያየው አርሴናልንና ማንቸስተርን ነው። በማልያ ገበያ የጊዮርጊስ ተፎካካሪ ቡና ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። አባቱ የሞተለትን ክለብ ልጁ ስሙን ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፣ ስሙ ያለው ዋጋ በየዓመቱ ይቀንሳል። በሒሳብ ቋንቋ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብበታል።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል፤ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በቦታው ነው። የሰፈሩ ታሪክ በድንጋይ ተጠብቋል። የሰፈሩን ሰው የሚጠብቀው ግን ድንጋይ አይደለም። በመዝገብ የሰፈረ፣ በየወሩ የሚከፍል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ድምፅ የሚሰጥ የአባላት ማኅበር ነው። ዕድር የኖረው እንዲህ ነው። ዕድር ባለሀብት ደጋፊ ፈልጎ አያውቅም፤ ሆኖም ድንኳን ያጣ ዕድር የለም።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

በለንደን ዊምብልደን የሚባል የሰፈር ክለብ ነበር። ባለቤቶቹ ሜዳ አጣን ብለው እ.ኤ.አ. በ2003 ክለቡን ወደ ሚልተን ኪንስ ከተማ ወሰዱት። ደጋፊው ከሕግ አንጻር ምንም መብት አልነበረውም፤ ክለቡ የባለ አክሲዮኖቹ ነው። ስለዚህ ከመዛወሩ በፊት በ2002 ደጋፊዎቹ ከዘጠነኛ ደረጃ የሚጀምር የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ገቡ፤ በ2020 ደግሞ ወደ ሰፈራቸው ተመልሰው የራሳቸውን ስታዲየም ከፈቱ። ለግንባታው የጎደለውን ለመሙላት ደጋፊዎቹ በቦንድ መልክ ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አበደሩ። ሰፈሩን ያጣ ክለብ በአባላቱ ገንዘብ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ።

በካይሮ አል አህሊ እ.ኤ.አ. በ1907 የተቋቋመ የአባላት ክለብ ነው፤ የአስተዳደር ቦርዱን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። በጀርመን ባለሀብት ገንዘብ ማስገባት ይችላል፤ ነገር ግን በደንቡ መሠረት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አብላጫው ድምፅ ከአባላቱ እጅ አይወጣም። ባርሴሎናም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው በአባላት ድምፅ ነው። እነዚህ አገሮች ሀብታም ስለሆኑ ነው የሚል ይኖራል። አል አህሊ ሲቋቋም ግብፅ በእንግሊዝ ቁጥጥር ሥር ነበረች፤ ሀብቱ የመጣው በኋላ ነው።

አክሲዮን ወይስ መዋጮ?

በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁሉም ነገር መልስ አክሲዮን የሚመስለው ሰው በዝቷል። ለክለብም አክሲዮን ይሸጥ የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ አክሲዮን የሚሰበሰበው ገንዘብ ወዳለበት ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ክለቡ ተመልሶ በአንድ ሰው እጅ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ አክሲዮን የገዛ ሰው ትርፍ ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ክለብ ትርፍ አያከፋፍልም፤ በቅርቡም የሚያከፋፍል አይመስልም። ትርፍ የማያስገኝ ነገር ትርፍ ያስገኛል ብሎ መሸጥ ምን እንደሚያስከትል፣ በአክሲዮን ስም ገንዘቡን ሰጥቶ የቀረበት ሰው ያውቀዋል።

የአባልነት መዋጮ ግን ከመጀመሪያው ሐቀኛ ነው። ከፋዩ ትርፍ አይጠብቅም፤ ድምፅና መረጃ ይጠብቃል። የሚያስገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እስቲ በግምት እናስላው። 20 ሺሕ ሰው በወር 100 ብር ቢከፍል በወር 2 ሚሊዮን፣ በዓመት 24 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ለንጽጽር ያህል፣ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. ያወጣው የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ የተጣራ 50 ሺሕ ብር በወር ነበር። በዚያ ጣሪያ 25 ተጫዋች ቢቀጠር በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ነው። ግብሩ፣ ጉዞው፣ ሆቴሉ፣ አሠልጣኙ ሲጨመርና የኑሮ ውድነቱ ሲታሰብ ወጪው ከዚህ በብዙ ይልቃል። ስለዚህ መዋጮው ሁሉን አይሸፍንም። ነገር ግን ስፖንሰር ሲዘገይ፣ ባለሀብት ሲታመም ወይም ሲቆጣ ደመወዝ የሚያስከፍል መጠባበቂያ ነው። ከዚህም ይበልጣል። ሃያ ሺሕ ስምና ስልክ ቁጥር በመዝገብ የያዘ ክለብ ወደ ስፖንሰር ሲሄድ የሚለምን ሳይሆን የሚሸጥ ነገር ያለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። አባላት ድምፅ ሲያገኙ ጭቅጭቅ ይበዛል፤ በአንድ ሽንፈት አሠልጣኝ ይባረር ይላሉ፤ በጉባኤ ወንበር ይወራወራሉ የሚል ነው። እውነትነት አለው። በስታዲየም ደጋፊ ሲደባደብ ያየ ሰው ይህን ደጋፊ በሒሳብ ጉዳይ ላይ ድምፅ ስጥ ማለት ያስፈራዋል። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። አባላት አሠልጣኝ አይመርጡም፤ ቦርድ ይመርጣሉ፤ የሒሳብ ሪፖርት ይሰማሉ፤ ኦዲተር ይሰይማሉ። በዕቁብም ጭቅጭቅ አለ። ጭቅጭቁ ገንዘቡን እንዳያጠፋው ያደረገው ጸሐፊው ደብተሩን በየሳምንቱ ገልጦ ማንበቡ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ባለሀብቱ ይከፋል የሚል ነው። አስተዋይ ባለሀብት አይከፋም። ብቻውን ይሸከም የነበረውን የሚያግዘው ሲያገኝ ሸክሙ ይቀልለታል፤ የሰጠው ገንዘብም የት እንደዋለ በኦዲተር ተረጋግጦ ያያል።

ምን ይደረግ?

ስሙ «ስፖርት ማኅበር» ነው፤ ማኅበር ይሁን። አንደኛ፣ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር የታየ የገቢና የወጪ ሒሳብ ለደጋፊው ሁሉ በጋዜጣ ይውጣ። ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ደብተሩን መጀመሪያ ይክፈት። ሁለተኛ፣ የአባላት ምዝገባ በየሰፈሩ ይካሄድ፤ በተለይ የፒያሳ ሰው በተበተነባቸው ሰፈሮች ይጀመር። አሮጌው አራዳ አሁን ያለው በእነዚያ ሕንፃዎች ነው። ሦስተኛ፣ በእነዚሁ ሰፈሮች በክለቡ ስም የሕፃናት ቡድን ይቋቋም፤ የሠፈር ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሕፃን አባቱን ይዞ ይመጣል። አራተኛ፣ ማልያው በሕጋዊ መንገድ ይሸጥ። ዛሬ በየመንገዱ ከሚሸጠው ማልያ ትርፉ የሚገባው ለክለቡ ሳይሆን ለአሳታሚው ነው። አምስተኛ፣ የአዲስ አበባ ጨዋታ ለአዲስ አበባ ይመለስ ዘንድ ክለቡ ብቻውን ሳይሆን ከተቀናቃኙ ከቡና ጋር ሆኖ ይጠይቅ። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ጥቅማቸው አንድ ነው፤ የሸገር ደርቢ በሌላ ከተማ ሲደረግ የሚከስሩት ሁለቱም ናቸው።

ለነጋዴው አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። በፒያሳ ሱቁን ያጣ ሰው ቁልፉን የሚመልስለት የለም። ካሳ ቢያገኝ የቤቱን ያገኝ ይሆናል፤ የደንበኛውን አያገኝም። በስሙና በትውውቁ ላይ የቀረው የጋራ ሀብት ይህ ክለብ ነው። አብሮት የነበረው ወርቅ ሠሪ፣ ልብስ ሰፊና ሻይ ቤት ባለቤት አሁን በተለያየ ሰፈር ይኑሩ እንጂ በአንድ የአባላት መዝገብ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በወር መቶ ብር ለዚህ ውድ አይደለም።

ክለቡ ጣሊያንን አልፏል፤ ደርግን አልፏል። ሁለቱንም ያለፈው ስሙን የነጠቁት ሰዎች ደጋፊውን መንጠቅ ስላልቻሉ ነው። የአሁኑ ፈተና ስሙን አይነካም፤ ደጋፊውን ነው ቀስ በቀስ የሚያሳሳው። ስለዚህ የቀድሞው ብልሃት አይሠራም። ዝም ብሎ መጠበቅ በሁለቱ ዘመናት ረድቷል፤ በዚህኛው ግን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው የራሱን ኪሳራ ነው። የአራዳ ልጅ ደግሞ ኪሳራ ቀድሞ በማየት ይታወቅ ነበር።